ውሃ የጠጣ ጂብሰም ግድግዳ ይጠገናል ወይስ ይነሳል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ጂብሰም በሐምሌው ዝናብ ውሃ ጠጣብኝ። ከኮርኒሱ ጀምሮ ቡና የተደፋበት ነጠላ መስሏል፣ ከታች አብጦ ቀለሙ እየተላጠ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ሻጋታ ሻጋታ ይሸተኛል። ቀለም ቀቢ ባመጣ «ስቱኮ እናለብሰዋለን፣ ምንም አይታይም» አለኝ። አይታይም ማለት ዳነ ማለት ነው እንዴ?

አናጢው፦
እህቴ፣ እንዳታስለብሺው። መጀመሪያ ጣሪያውን አሳዪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆርቆሮው ሚስማር ነው፤ ጎማው በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃው በዚያ ይገባና ሞራሌውን (ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት) ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ እድፉ ካለበት በላይ ብቻ አትፈልጊ። አሸንዳውም ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ።
ከዚያ ግድግዳውን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ጠንካራ ከሆነ ይድናል። እንደ ራሰ ዳቦ ገባ ካለ አልቆለታል። ላዩ ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ከሻገተ በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ ውስጡን አያጸዳውም። ጤነኛው ከጀመረበት አንድ ስንዝር አልፈሽ በካተር ቁረጪው። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊ፣ ውስጡ ገመድ ሊያልፍ ይችላል። አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ።

የአዘዞ ልጅ፦
እኔ አምና አስለብሼው መስቀል ሳይደርስ ያው ቢጫ ክብ ተመልሶ ቁጭ። የውሃ ቀለም እድፉን አያቆመውም። ኋላ በደንብ ካደረቅሁት በኋላ መጀመሪያ አንድ እጅ የዘይት ቀለም፣ ከላይ የውሃ ቀለም ሳስቀባ ነው የገላገለኝ። ይሄ ግን ቦርዱ ላልበሰበሰ ነው።

የማራኪዋ፦
አውራ ጣቴ እስከ ጥፍሬ ገባ። አዲስ ቦርድ ስገዛ ውፍረቱ ስንት ይሁን?

አናጢው፦
ከቆረጥሽው ቁራጭ ይዘሽ ሂጂ። የ9ም የ12 ሚሊም አለ፣ ካልገጠመ ግድግዳው ላይ ደረጃ ይሠራብሻል። ከኋላ ያለው እንጨት እስኪደርቅ ግን ክፍቱን ተዪው፣ በክረምት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩዪ። መገጣጠሚያው ላይ ፋሻ ለጥፈሽ ስቱኮውን ሳሳ አድርገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ባንዴ ካወፈርሽው ይሰነጠቃል። ታቹን ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጊው፣ ቤት ሲወለወል ውሃ እንዳይስብ። ክፍተቱን ዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ጠርዝ) ይሸፍነዋል።

የማራኪዋ፦
ዝናቡ ሲያባራ ልጅ ጣሪያ ላይ አወጣሁ። ሁለት ሚስማር ጎማ የላቸውም። አሸንዳው ውስጥ ደግሞ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የጨርቅ ኳስ። የጎረቤት ልጆች ከፋሲካ ጀምሮ ሲፈልጓት የነበረችው።