ዛንቴት ስንጨምር የመዳብ ኮንሰንትሬቱ ጥራት ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ካልኮፓይራይት (የመዳብ፣ የብረትና የድኝ ማዕድን) እና ብዙ ፓይራይት (መዳብ የሌለው የብረትና የድኝ ማዕድን) ያለበትን ማዕድን በላቦራቶሪ በፍሎቴሽን (በአየር አረፋ በማንሳፈፍ) እየለየሁ ነው። ፒኤቹ 8.5 ገደማ ነው። ከተረፈ ምርቱ ጋር የሚወጣውን መዳብ ለመቀነስ ዛንቴቱን (ማዕድኑን ከአየር አረፋው ጋር የሚያጣብቀውን ኬሚካል) በቶን ከ20 ወደ 60 ግራም ባሳድገውም፣ የተገኘው መዳብ እምብዛም ሳይጨምር የኮንሰንትሬቱ (ተለይቶ የወጣው ምርት) ጥራት፣ ማለትም የመዳብ መቶኛው፣ በጣም ወረደ። የትኛውን ኬሚካል ላስተካክል?

መልስ 1፦ ዛንቴት መዳብን ብቻ መርጦ አይዝም። በፓይራይት ገጽ ላይ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ ዳይዛንቶጅን ስለሚለወጥ ፓይራይቱም ውሃ የማይቀበል ይሆንና ከአየር አረፋው ጋር ይወጣል። ንጹሕ ካልኮፓይራይት እንኳ ከ34.6 በመቶ በላይ መዳብ ስለሌለው፣ የሚቀላቀለው ፓይራይት ሁሉ ጥራቱን ይቀንሳል። ዛንቴቱን ወደ 20 ግራም መልሰው ፒኤቹን በኖራ ከ10.5 እስከ 11.5 ያድርሱት። ኖራው የፓይራይቱን ገጽ በብረት ሃይድሮክሳይድና በካልሲየም ስለሚሸፍነው ዛንቴት በቀላሉ አይይዘውም። ይህ እንዲሆን ግን ኖራው ከዛንቴቱ ቀድሞ፣ ቢቻል ገና ወፍጮው ውስጥ ሳለ መግባት አለበት።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ማዕድኑ ካልኮሳይት (ሌላ የመዳብና የድኝ ማዕድን) ወይም ኦክሳይድ የሆነ መዳብ ካለበት ኖራ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ከእነዚህ የሚሟሟው የመዳብ አዮን ፓይራይቱ ላይ ተለጥፎ ዛንቴትን እንዲስብ ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ፣ ፓይራይትን እምብዛም የማይዘውን ቲዮኖካርባሜት የተባለውን ሌላ ኬሚካል በትንሽ መጠን ይሞክሩ።

መልስ 3፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ዛንቴቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ የተገኘው መዳብ ካልጨመረ፣ የቀረው መዳብ ምናልባት ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ያልተለቀቀ ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ኬሚካል አይፈታውም። ተረፈ ምርቱን በወንፊት በየመጠኑ ለይተው እያንዳንዱን ያስመርምሩ። መዳቡ ከሸካራው ክፍል ውስጥ ከተገኘ ማዕድኑን አልመው ይፍጩ፤ ከደቃቁ ከተገኘ ደግሞ የአየር አረፋውን መጠንና የማንሳፈፊያውን ጊዜ ይመልከቱ። አረፋ ፈጣሪውንም ያለ ልክ አይጨምሩ፤ ውሃው ደቃቅ ድንጋይ ይዞ ይወጣል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ወንፊቱን አስቀድማለሁ። በውሃ የሟሟውን ዛንቴት ለቀናት ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ 1፦ በየዕለቱ አዲስ ያዘጋጁ፤ ሲቆይ ኃይሉን ያጣል። አሲድ ፈጽሞ አይንካው፤ ሲበሰብስ የሚወጣው ካርቦን ዳይሰልፋይድ መርዛማና በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው።