ማርኬሳስ ወይስ ኪሪቲማቲ? ሰዓቱን የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ሩቅ የፓስፊክ ቦታዎች አንዱን መምረጥ አቅቶኛል፦ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያው የደሴቶች ስብስብ ማርኬሳስ እና የኪሪባቲዋ ደሴት ኪሪቲማቲ።

በተለይ ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ማርኬሳስ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ9 ሰዓት ተኩል ወደኋላ ይቀራል፤ ኪሪቲማቲ ደግሞ በ14 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ማርኬሳስ ላይ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ኪሪቲማቲ ላይ ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የግድግዳ ሰዓታቸው የሚለያየው በግማሽ ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ቀኑ ግን ሌላ ነው! ምክንያቱ ኪሪባቲ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀን መለወጫውን መስመር ወደ ምሥራቅ መግፋቷ ነው። እኔ ደግሞ ባለሁበት ሆኜ በኢንተርኔት የምካፈለው፣ ፈጽሞ የማልቀርበት የሰኞ ስብሰባ አለኝ።

በመልክዓ ምድር ልቤ ወደ ማርኬሳስ ያደላል። በኡዋ ፖኡ ደሴት የእሳተ ገሞራ ዐለቶች እንደ ጦር ቀጥ ብለው ደመናውን ይወጋሉ፤ ዳርቻው በአብዛኛው የኮራል አጥር ስለሌለው ማዕበሉ በቀጥታ ገደሉን ይመታል። ኪሪቲማቲ ዝርግ ናት፤ በየብስ ስፋት ከዓለም የኮራል ቀለበት ደሴቶች ትልቋ ስትሆን፣ በውስጧ የተበታተኑት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎችና የባሕር ወፎቿ ያጓጓሉ።

ከእነዚህ ደሴቶች ሆናችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የስብሰባ ቀጠሮ የምትይዙት በየትኛው ቀን ቆጠራ ነበር? የስልካችሁ የቀን መቁጠሪያስ ራሱ አስተካክሎታል? ኢንተርኔቱ ለቪዲዮ ስብሰባ የሚበቃው የትኛው ጋ ነው? እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ ትኬቱን የምቆርጠው መልሳችሁን አይቼ ነው።