ከተቋራጭ የመጣ የወሰን ማስከበር ካርታ ስትገመግሙ ምን ምን ታያላችሁ? (ኮምቦልቻ አካባቢ)

ወለዬዋ ሲቪል፣ ኮምቦልቻ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአማካሪ መሐንዲስ በኩል ነው። መንገዱ ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣ የገጠር መንገድ ሲሆን ተቋራጩ የወሰን ማስከበር ካርታ (ለመንገዱ የሚወሰደውን መሬት የሚያሳይ) እና የተነሺዎች ሰንጠረዥ (መሬታቸው የሚነካባቸው ሰዎች ዝርዝር) አስገብቷል። ገምግሜ አስተያየት እንዳቀርብ ተመርቶልኛል። የመንገድ ዲዛይን ስገመግም ቆይቻለሁ፤ የወሰን ካርታ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ካርታው ላይ ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ 15፣ 15 ሜትር ተሰምሮ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲሁ ሄዷል። ሰንጠረዡ የባለይዞታ ስም፣ ቀበሌና የሚነካው መሬት በካሬ ሜትር ብቻ ነው ያለው። ከወረዳው የተሰጠኝን የይዞታ ፋይል በላዩ ሳስቀምጥ ደግሞ ማሳዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተው ይወድቃሉ፤ ሜዳ ላይ የማውቀው ቤት ወንዙ መሃል ገብቶ ይታያል። ተቋራጩ «የወረዳው ፋይል ስህተት ነው» ይላል።

ከየት ልጀምር? መመለስ ያለበት የቱ ነው፣ ከነአስተያየቱ ማለፍ የሚችለውስ? ክረምት ሳይገባ ካሳ ካልተከፈለ ሥራው ስለሚቆም ከሁሉም ወገን እየተቻኮሉብኝ ነው።

ነባር ቀያሽ፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ፣ የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በፊት ያቺን 15፣ 15 ሜትር ተያት። እኩል የተሰመረ ወሰን ሜዳ ላይ ያስኬድ ይሆናል። የኛ አገር ግን ከኮምቦልቻ ሀረጎን ይዘሽ ወደ ደሴ ስትወጪ እንደምታይው ነው፤ አንዱ ጎን ተራራ፣ አንዱ ጎን ገደል። እዚህ ላይ ወሰኑን የሚወስነው ቆረጣው (ተራራው የሚቆረጥበት) እና ሙሌቱ (በአፈር የሚሞላው) ነው።

አንድ ክሮስ ሴክሽን (መንገዱ በወርዱ ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል) አውጪና አስይው። የመንገዱ ግማሽ ከነትከሻው 5 ሜትር ነው እንበል፣ ቦዩ 1.5 ሜትር። በላይኛው ጎን ከቦዩ እስከ ቆረጣው አናት ያለው ቁመት 18 ሜትር ከሆነና ቆረጣው አንድ ለአንድ ተዳፋት (አንድ ሜትር ወደ ላይ፣ አንድ ሜትር ወደ ጎን) ከተሰጠው አናቱ የሚያርፈው ከመሃል መስመር 24.5 ሜትር ላይ ነው። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚይዘው ቦይና ሰው የሚሄድበት 3 ሜትር ሲጨመር 27.5 ይሆናል። ካርታው ግን 15 ላይ ቆሟል። ልዩነቱ 12.5 ሜትር የሰው ማሳ ነው። ገበሬው ለ15 ሜትር ካሳ ተቀብሎ ይፈርማል፤ ዶዘሩ ሲመጣ ጎተራው ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ማን ሥራ ያሠራል? ሰውየውም እውነት አለው።

ስለዚህ ተቋራጩን የቆረጣ አናትና የሙሌት እግር መስመር ካርታው ላይ እንዲያሳይ ጠይቂው። በየ20 ሜትሩ ክሮስ ሴክሽን ስላለው ማውጣቱ አይከብደውም። ወሰኑ ከዚያ መስመር ውጪ ማለፍ አለበት። ውላችሁ ላይ የተቀመጠው ስፋት ደግሞ ዝቅተኛው ነው ወይስ ቁርጥ ያለ፣ እሱን ቀድመሽ አንብቢ። ሰፋ ማለት ካለበት አሠሪው መሥሪያ ቤት ማጽደቅ ስላለበት አስተያየትሽ ላይ ስቴሽኑን (ከመንገዱ መነሻ ያለውን ርቀት) ጠቅሰሽ ጻፊ።

ሌላው የውሃ ነገር ነው። ካልቨርት (ከመንገዱ ሥር ያለው የውሃ ማሳለፊያ) የሚተፋው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ካርታው ላይ ካልቨርቱ ወሰኑ ጫፍ ላይ ያበቃል፤ ውሃው ግን አያበቃም፣ ከታች ያለውን ማሳ ሸለቆ ያደርገዋል። በተለይ ደሴ ዙሪያ አፈሩ ሲርስ የሚሄድ ስለሆነ መሬት መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም። የካልቨርት መውጫ እስከ ነባሩ የውሃ መንገድ ድረስ ወሰን ውስጥ ይግባ። ለኔ ይህ ካርታውን ሊያስመልስ የሚገባ ነጥብ ነው።

የካርታ ሰው

ማሳዎቹ ተንሸራተው መውደቃቸውን እኔ ልመልስ። የወረዳው ፋይል ስህተት ነው ብለሽ አትቀበይ። በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ የተሠራው የይዞታ መረጃ በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) ነው የሚገኘው፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚነበብ የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን። የተቋራጩ ቅየሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደብሊው ጂ ኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዳተም) ነው። ሁለቱም ዞን 37 ስለሚሉና ቁጥሮቹ ስለሚመሳሰሉ ሰው አያስተውለውም። በእኛ አካባቢ አንዱ ነጥብ በሁለቱ ሲነበብ በሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ በምሥራቅ ከ90 ሜትር በላይ ይለያያል። የደብሊው ጂ ኤስ ንባቡ ነው በሁለቱም የሚበልጠው።

ቀላል ማረጋገጫ አለው። ሜዳ ላይም ፋይሉ ላይም በእርግጠኝነት የሚታወቅ ነገር ምረጪ፦ የመስጊድ ጥግ፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ የድሮ ድልድይ። ልዩነቱን ለኪ። ሁሉም ቦታ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ከላይ ካልኩት ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ነገሩ የዳተም ነው። ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ የወረዳውን ፋይል ኮድ 20137፣ የቅየሳውን 32637 ብለሽ ስጪው፣ ራሱ ያገናኛቸዋል። ፋይሉን በእጅ ጎትቶ ማስተካከል ግን ሐራም ነው፤ የጎተተው ሰው ከሥራው ሲሄድ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል።

ልዩነቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ የቅየሳ መነሻ ነጥቦቹን ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ርቀት። የኛ ቦታ ከፍታ ከኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ተነስቶ ደሴ ላይ 2,500 ይጠጋል። በዚህ ከፍታ ዩቲኤም ላይ የሚነበብ ርቀት መሬት ላይ ከሚለካው በኪሎ ሜትር ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ያህል ያንሳል። ለአንድ ማሳ ስፋት ምንም አይደለም። ስቴሽኑ በመሬት ርቀት ተቆጥሮ ካርታው በዩቲኤም ከሆነ ግን አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርሺ 6፣ 7 ሜትር ይዛነፋል፤ ሰንጠረዡ ላይ «በዚህ ስቴሽን በስተግራ» የተባለው ቤት ካርታው ላይ የጎረቤቱ ይሆናል። የካርታው ርዕስ ሳጥን ውስጥ ዳተሙ፣ ዞኑና የርቀቱ ዓይነት መጻፉን እይ። ከሌለ ይጻፍ።

የገጠር መሬት ባለሙያ

እኔ የምናገረው ስለ ሰንጠረዡ ነው፣ ካሳው የሚከፈለው በእሱ ስለሆነ። ስምና ካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ አትቀበዪው። እያንዳንዱ ረድፍ የይዞታ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ካርታው ላይ ማሳው መሃል ይጻፍ። እዚህ አገር ላይ በአንድ ቀበሌ ስንት መሐመድ አሕመድ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ስም ብቻውን ማንንም አይለይም። ከዚያ የማሳው ጠቅላላ ስፋት፣ የሚወሰደውና የሚቀረው ሦስቱም ይግቡ። 4,200 ካሬ ሜትር ከሆነ ማሳ 1,700 ተወስዶ ሰንጠረዡ ቀሪውን 2,900 ካለ፣ አንዱ ቁጥር ሐሰት ነው። ይህን ለማየት ሜዳ መውጣት አያስፈልግሽም።

የሚቀረውን በዓይንሽም እዪው። መንገድ ማሳን በሰያፍ ሲቆርጥ በሬ የማይዞርበት ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይተዋል። ወረቀት ላይ «ቀሪ 300 ካሬ ሜትር» ይባላል፣ ለባለቤቱ ግን የሚታረስ መሬት አይደለም። ካርታው ካላሳየው ካሳ ገማች ኮሚቴው አያውቀውም፣ ባለቤቱም በቅሬታ ነው የሚመጣው።

የስፋት ስህተትን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዘላቂነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የተቀመጠው ስሌት ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነበር። የመቶ ካሬ ሜትር ስህተት አብሮ ይባዛል ማለት ነው። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ፤ የቀድሞውን አዋጅ 455/1997 ስሌት ይዘው የሚከራከሩ አሁንም ያጋጥማሉ።

የመሬት ይዞታ ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ሆኖ ሰንጠረዡ ላይ የባል ስም ብቻ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እባክሽ ይህን ሳታስተካክዪ አትለፊው። አባት ሞቶ ልጆች ያልተካፈሉት ይዞታም አለ፤ «ውርስ ያልተጣራ» ተብሎ ምልክት ይደረግበትና ቀድሞ ወደ ወረዳው ይላክ፣ እሱ ነው ጊዜ የሚበላው።

የመስመር ሠራተኛ

የመብራት ምሰሶና የውሃ ቱቦ በካርታው ላይ መኖሩን እዪ። ምሰሶ ስለሚታይ ይገባል፣ የተቀበረ ቱቦና የቴሌ ፋይበር ግን ይረሳል። ከውሃ ቢሮውና ከቴሌ ሰው ይዛችሁ ውጡና በቀለም አስምሩት። እንዲነሱ የሚጠየቅበት ደብዳቤ ከካሳው በፊት ይሂድ፤ ዕቃ እስኪመጣ ብዙ ይጠበቃል።

የገማች ኮሚቴ አባል የነበርኩ

ሌሎቹ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ካርታውን ቢሮ ውስጥ አትጨርሺው። ችካሉ መሬት ላይ ከተመታ በኋላ የቀበሌ ሊቀመንበሩን፣ ሁለት ሽማግሌና የማሳውን ባለቤቶች ይዘሽ መስመሩን በእግር ሂጂው። ወጣት ቀያሽ የማያየውን ሽማግሌ ያሳይሻል። ባዶ ግጦሽ የሚመስል ቦታ የጥንት ቀብር ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩ በሣር ተሸፍኖ አይታይም። ለወሎ ሰው ቀብር መንካት፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ከማሳ በላይ ነው። ካርታው ላይ በራሱ ምልክት ይግባ። መሐንዲሱ መስመሩን ጥቂት ሜትር ገፋ አድርጎ የሚያልፈው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይነገረው፣ ዶዘር ከገባ በኋላ አይሆንም።

ያን ቀን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑና ቦታው የሚመዘገብበት ፎቶ። ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ በአንድ ሌሊት የሚተከል ባህርዛፍ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የቆየ ዛፉ «አዲስ ነው» ተብሎ የሚቀርበት ምስኪንም አለ። ፎቶው ለሁለቱም ይመሰክራል።

ወለዬዋ ሲቪል (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ብዙ ነው ያተረፍኩት። የትምህርት ቤቱን አጥር ለካሁ፤ በሰሜን 205፣ በምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ ነው የወጣው፣ ሌሎቹ ሁለት ነጥቦችም ተቀራርበዋል። የዳተም ነገር ነው ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አቀበቱ ጋ ያለው የቆረጣ መስመር ተስተካክሎ እስኪመጣ ሜዳው ላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ለብቻው ይጽደቅ ወይስ ሁሉም ይመለስ? ተቋራጩ ማሽኑን ሜዳው ላይ ማስገባት ይፈልጋል።

የካርታ ሰው

ሜዳውን አጽድቂለት። እዚያ 15 ሜትሩ የሚበቃ ከሆነ ገበሬውም ካሳውን ለምን ይጠብቃል?

የገጠር መሬት ባለሙያ

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ቢያንስ እንዲሁ አይሁን። ክፍፍሉ በስቴሽን ከተቆረጠ የአንድ ሰው ማሳ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ዛሬ ግማሹ በሌላ ዙር ይገመታል። የዋጋ ጥናቱ በመሃል ሊቀየር ይችላል፤ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ዋጋ ሲከፈላቸው ቀበሌው ይታመሳል።

ነባር ቀያሽ፣ ደሴ

ሁለታችሁንም የሚያስማማ መንገድ አለ። መቁረጫው በስቴሽን አይሁን፤ የተፈጥሮ ወሰን ላይ፣ ወንዝ ወይም የቀበሌ ድንበር ላይ ይሁን፣ ማንም ማሳው ለሁለት እንዳይከፈል። የሜዳው ክፍል በራሱ የሉህ ቁጥርና ቀን ይጽደቅ፣ የአቀበቱ ሉሆች ላይ «ያልጸደቀ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ሲሻሻሉ የማሻሻያ ቁጥራቸው ይቀየር፤ የድሮው ቅጂ ከሜዳ ይሰብሰብ፣ አንድ ቅጂ ብቻ በማኅደር ይቅር። ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ካርታ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎችን ማስታረቅ ከባድ ነው።

ደግሞ ሳልረሳው፦ ከአቀበቱ የሚወጣው አፈር የት ነው የሚደፋው? ወደ ገደሉ ከተለቀቀ ከታች ያለውን ማሳ ይሸፍነዋል። የአፈር መድፊያው፣ የድንጋይ ማውጫውና ተለዋጭ መንገዱ ጊዜያዊ ይዞታ ስለሆኑ በሌላ ሉህ፣ የሚመለሱበት ጊዜ ተጽፎ ይቅረቡ። የሜዳውን ክፍል ስታጸድቂ ይህ ሉህ አብሮ ከሌለ ፊርማሽን አቆዪው።