ያለ ቀኗ ለተወለደች ልጅ የጡት ወተት ማበልጸጊያ ያስፈልጋል?

ጥያቄ (አባት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦
ልጃችን በ30ኛው ሳምንት 1 ኪሎ ከ300 ግራም ሆና ተወልዳ እስካሁን ሆስፒታል ናት፤ ባለቤቴ የምታልበው ወተት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጣታል። ሐኪሙ ወተቱ ላይ የሚጨመር ማበልጸጊያ ዱቄት ሊያዝላት አስቧል፤ እናቴ ግን «የእናት ጡት ምን ጎድሎት?» ትላለች። በእርግጥ ያስፈልጋታል?

ምላሽ (የጨቅላ ሕፃናት ነርስ)፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎን እንኳን ማርያም ማረቻት። ቀኑን ጨርሶ ለተወለደ ልጅ የእናት ጡት በቂ ነው። ነገር ግን ፅንስ አብዛኛውን ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በመሆኑ፣ እነዚያን ወራት በማሕፀን ያላሳለፈች ልጅ፣ ትንሿ ሆዷ ብዙ ወተት መያዝ ሳትችል፣ ተጨማሪ ፕሮቲንና ማዕድን ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ዱቄቱ ለሁሉም እንዲሰጥ አይልም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑት ግን ሊታሰብ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ የሐኪሙ ሐሳብ ተገቢ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እድገቷ በቀን በኪሎ ከ15 እስከ 20 ግራም ያህል እንዲሆን ይፈለጋል።

ምላሽ (ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ እናት)፦
እናትዎን በአክብሮት ያስረዷቸው፤ ቅቤ ማስዋጥም ሆነ የአብሽ ውኃ መስጠት ለእንዲህ ያለች ልጅ አደገኛ ነው። ዱቄቱ ከታጣ፣ በአለባው መጨረሻ የሚመጣው ወተት ቅባቱ ስለሚበዛ ለብቻው በንጹሕ ኩባያ መያዝ ይቻል እንደሆነ ነርሶቹን ይጠይቁ፤ ፕሮቲኑን ግን አይተካም። ገላዋን ከእናቷ ደረት ጋር አጣብቆ መታቀፉንም አታቋርጡ።