የጉድጓዳችን ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው የምንኖረው። ከአጥራችን ማዶ ድሮ ማደያ ነበር፣ ታንከሩ እስካሁን እንደተቀበረ ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ የጉድጓዳችን ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል፣ ባልዲው በኦሞ ታጥቦም ሽታው አይለቅም። እናቴ ሊጥ የምታቦካው በዚሁ ውሃ ነበር፣ አስቁሜያታለሁ።

ከነዳጁ የተወሰነው ውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ ቅባቱን ገፎ መጠቀም እንደማያዋጣ ገብቶኛል። የከርሰ ምድር ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ 3 የመመልከቻ ጉድጓድ (የውሃው ከፍታ የሚለካበት) ያስፈልጋል፣ የኛ ሰፈር ግን ትንሽ ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በእጅ አልገፋ አለን። ነዳጁ በድንጋዩ ስንጥቅ አድርጎ ወደ ሐይቁ እየሄደ ቢሆንስ?

የአፈር ናሙና ከስንት ሜትር ልውሰድ? ውሃውንስ በመስታወት ጠርሙስ አፉ ድረስ ሞልቼ፣ በበረዶ ይዤ ብሄድ ይበቃል? እዚሁ ከተማ የሚመረምር ላብራቶሪ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ጎረቤቶቻችን አሁንም እየጠጡት ነው።