በሌላ ኩባንያ ኤፒአይ ላይ የቆመ መተግበሪያ፦ በሩ ሲዘጋ ምን ይደረጋል?

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምንሠራ የሞባይል መተግበሪያ አበልጻጊዎች ነን። ለካፌዎችና ለአነስተኛ ሱቆች የሠራነው መተግበሪያ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ደንበኛው «ልኬአለሁ» ብሎ ስልኩን ሲያሳይ፣ አስተናጋጁ የግብይት ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ያረጋግጣል። በሐሰተኛ ስክሪንሾት የተበላ ቤት ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል። ፒያሳ ያለች አንዲት ካሸር ቀድሞ ምስሉን በጣቷ እያሰፋች የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር፤ እኛን የጠራችን ማታ ሒሳብ ስትዘጋ አንዱን ቁጥር ሦስት ቦታ ተጽፎ ያገኘችው ዕለት ነው።

አሁን ግን ኤፒአዩን፣ ማለትም መተግበሪያችን ከኩባንያው ሥርዓት መረጃ የሚጠይቅበትን በር፣ የሰጠን የክፍያ ኩባንያ፣ ስሙ ይቆየንና፣ አገልግሎቱ ከ30 ቀን በኋላ ከኩባንያው ውጭ ላሉ አበልጻጊዎች እንደሚቋረጥ በአንዲት ኢሜይል አስታወቀን። በሳምንቱ ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ የራሱን የነጋዴዎች መተግበሪያ አወጣ። የተፈራረምነው ውል የለም፤ ስንመዘገብ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንን፣ በቃ። ባልደረባዬ የክፍያ ማሳወቂያ አጭር መልእክቶችን ከነጋዴው ስልክ በቀጥታ እናንብብ ይላል። ያዋጣል? በሕግስ የምንጠይቀው ነገር ይኖራል?

ሰሌዳ

የአጭር መልእክቱን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደግማችሁ ብታስቡበት እመክራለሁ። ጎግል በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በፕሌይ ስቶር ያለ መተግበሪያ የስልኩ ዋና የመልእክት መተግበሪያ ካልሆነ በቀር መልእክት የማንበብ ፈቃድ የሚያገኘው በተለዩ ምክንያቶች፣ ያውም ቅጽ ሞልቶ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። አይፎን የያዘ ነጋዴ ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ አይሆንም። ኤፒኬውን (የመተግበሪያውን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም እናድላለን ብላችሁ ከሆነም፣ በ2024 ጎግል በሲንጋፖር የጀመረው መከላከያ መልእክት የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅና ከስቶር ውጭ የወረደ መተግበሪያ እንዳይጫን ያግዳል። ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ፣ ኩባንያው የማሳወቂያውን ዐረፍተ ነገር በአንዲት ቃል የለወጠ ዕለት መተግበሪያችሁ ማንበብ ያቅተዋል። ከአንድ በረኛ ሸሽታችሁ ሁለት በረኛ ልታስቆሙ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

የደረሰባችሁ ነገር አዲስ አይደለም። «ትዊት» የሚለው ቃልና የወፏ ምልክት እንኳ መጀመሪያ የታዩት ከትዊተር ውጭ ያሉ ሰዎች በሠሩት ትዊተሪፊክ በተባለ መተግበሪያ ላይ ነበር፤ ሆኖም በጃንዋሪ 2023 ትዊተር እርሱንም፣ ትዊትቦት የተባለውን መሰሉንም ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋቸው፣ ክልከላውንም ደንቡ ውስጥ ያስገባው ከዘጋቸው በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የውይይት መድረኩ ሬዲት ለ1,000 የኤፒአይ ጥሪ 0.24 ዶላር ዋጋ ሲያወጣ፣ አፖሎ የተባለው የሬዲት ማንበቢያ መተግበሪያ አበልጻጊ ወጪው በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ አስልቶ በጁን 30 ሥራውን አቆመ። እርሱም ያገኘው ጊዜ እንደ እናንተው አንድ ወር ገደማ ነበር።

እኔ ከእነዚህ የተማርኩት፣ የውጭ አበልጻጊ የሚወደደው ኩባንያው ያልደረሰበትን ሥራ እስከሠራ ድረስ መሆኑን ነው። ማረጋገጥ ብቻ የሚሠራ መተግበሪያ ኩባንያው ሲፈልግ በሁለት ወር ሊሠራው የሚችለው ነው፤ ይህን ስል ልፋታችሁን ለማቃለል አይደለም። የአስተናጋጆችን ፈረቃ፣ የጠረጴዛ ሒሳብን፣ የዕለት መዝጊያን ብትጨምሩበት ግን እርሱ የማይገባበት ሥራ ይሆናል።

ወይዘሮ መዝገብ

በአንድ የክፍያ ድርጅት ውስጥ የውጭ አበልጻጊዎችን በሚያስተናግድ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ከውስጥ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ። ለኢሜይላችሁ መልስ የሚሰጡት ልጆች ኤፒአዩን የመዝጋትም የመክፈትም ሥልጣን የላቸውም። በእኛ ዘመን አንድ መተግበሪያ በየሁለት ሴኮንዱ «ገባ? ገባ?» እያለ ሲጠይቅ አድሮ አገልጋዩን (ሰርቨሩን) አንቆት ነበር፤ ጠዋት ስብሰባ ላይ «የውጭዎቹን ሁሉ ዝጉ» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ደኅናውን ከክፉው የሚለይ ሰው አልነበረም። የእናንተም እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ የራሳቸውን መተግበሪያ በሳምንቱ ማውጣታቸው ግን በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ስለ ሕግ ለጠየቅከው፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ይከለክላል። ነገር ግን በመጀመሪያ ኩባንያው የበላይነት ያለው መሆኑን ማስረዳት ይኖርባችኋል፤ ለሦስት ሰው ይህ ረጅም መንገድ ነው። እኔ የምለው፣ እንደ አበልጻጊ ሳይሆን ከነጋዴዎቻችሁ ጋር ሂዱ። የክፍያው መረጃ የነጋዴው ነው፤ ስለዚህ ነጋዴው በራሱ ስም የኤፒአይ መግቢያ ቁልፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፣ እናንተ በእርሱ ውክልና ተጠቀሙ። ጥያቄው በኢሜይል አይሁን። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቁጥሩን ያዙ፤ ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈለግለታል።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ያክብርልን። የአጭር መልእክቱን ሐሳብ ትተነዋል፤ ባልደረባዬ አሁን የዕለት መዝጊያውን መሥራት ጀምሯል። እስከ ዛሬ ማታ የአሥራ አንድ ቤት ፊርማና ማኅተም ሰብስበናል፤ የፒያሳው ካፌ ማኅተም ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሁለት ቀን አመላልሶናል። ቀነ ገደቡ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ወይዘሮ፣ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ?

ወይዘሮ መዝገብ

ለነጋዴዎች አገልግሎት ክፍል ይሁን፤ ለቴክኖሎጂ ክፍል አትጻፉ። ግልባጭ ለሕግ ክፍል አድርጉ፤ ቀነ ገደቡም ለሁለት ወር እንዲራዘም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጠይቁ።