ክርክር፦ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መትረፍ ነበረባቸው?

አወያይ፦ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ ለኮሪደር ልማት ተብሎ ከዶሮ ማነቂያ ጀምሮ የፒያሳ ዙሪያ ሰፊ ቦታ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደምቋል። አሮጌዎቹ ቤቶች መትረፍ ነበረባቸው ወይስ ጊዜያቸው አልፎ ነበር? ስድብ የለም። ስለ ቤቱና ስለ ሰፈሩ ብቻ።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦ እኔ ልጀምር። እኛ ግቢ ሰባት አባወራ ነበርን፤ ሽንት ቤቱ አንድ። ክረምት ሲገባ ባልዲው የት የት እንደሚቀመጥ እናቴ በቃሏ ታውቀዋለች። አንዱ አልጋው ግርጌ፣ አንዱ ቁም ሳጥኑ ላይ። ግድግዳውን ስትደገፈው ጭዱ ጀርባህ ላይ ይራገፋል። ቅርስ ቅርስ የምትሉ ሰዎች፣ አንድ የሐምሌ ሌሊት እዚያ አድራችሁ ታውቃላችሁ?

አርክቴክቱ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከራከርህም። ግን ቤቱ ለምን እንደዚያ ሆነ? በ1967 ሐምሌ ላይ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች። የቀበሌው ኪራይ ለዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቀረ። በዚያ ብር ማን ጣራ ይቀይራል? ተከራዩ ልጠግን ሲል ፈቃድ የለህም ይባላል። ቀበሌው ደግሞ በጀት የለኝም ይላል። ድንጋይም ቢሆን እንደዚያ ከተተወ ይፈርሳል።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦ ይሁን። እና እኔ የመንግሥትን ስንፍና ለማስታወስ እዚያ ልኑርልህ?

ከዲሲ፦ እኔ ያደግኩት ጊዮርጊስ ጀርባ ነው። ባለፈው መጥቼ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ማግኘት አቃተኝ። ታክሲ ነጂውን ሦስቴ አዞርኩት። ሌላው አገር አሮጌ ሰፈሩን እንዴት ነው የሚንከባከበው!

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦ አንተ እኮ ለፎቶ ነው የፈለግከው። ባልዲውን እኛ ነን የደፋነው።

አወያይ፦ ረጋ በሉ። (ይህቺን ሳነብ ሳቄ መጥቷል፣ አልደብቅም።)

ባለ ሱቅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳ እኮ ሲፈርስና ሲሠራ ነው የኖረው። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያን አንስቶ መርካቶ ወሰደው። «ፒያሳ» የሚለው ስም ራሱ የጣሊያን ነው። ለዚህ ነው እንዴ የምታለቅሱት?

አርክቴክቱ፦ ምሳሌህ አንተኑ ይጠልፍሃል። ጣሊያን ገበያውን ያነሳው አገሬውን ከነጩ ሰፈር ለመለየት ብሎ ነው። የምኒልክን ሐውልትም አንስቶት ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን መልሰን አቆምነው፤ «ያው ፒያሳ ሁሌም ይፈርሳል» አላልንም።

ቅርብ ጊዜም አለልህ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ለባቡሩ መንገድ ተነሳ፣ በ2008 ተመልሶ ቆመ። ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት በ2007 ጥር ተቃጠለ። ተጠግኖ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦ ሐውልት ሽንት ቤት አይፈልግም።

አርክቴክቱ፦ 😄 እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን እኔ ሁሉም ይቁም አላልኩም። ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቤት ነበር። አንደኛው የምኒልክ ዘመን የመኳንንትና የነጋዴ ቤት ነው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የእንጨት በረንዳ፣ የጣራው ጠርዝ ላይ የተፈለፈለ ጣውላ። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበት። ሁለተኛው በአምስቱ ዓመት የተሠራው ነው። ሦስተኛው በእነዚህ መሀል በየጊዜው የተለጠፈው የጭቃ ክፍል፣ አንተ ያደግክበት ማለት ነው። ሦስተኛው ቢነሳ አልቃወምም። የመጀመሪያው ግን ተለክቶ፣ ተስሎ፣ ተጠግኖ ቤተ መጻሕፍት ወይ ቡና ቤት መሆን ይችል ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ሳይለዩ መጥረጋቸው ነው።

ባለ ሱቅ፦ የቅርስ ሕግ አለ አይደል እንዴ?

አርክቴክቱ፦ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው አንድ አንድ ቤት ነው። የሰፈር ጠባይ አይመዘገብም። እሪ በከንቱ፣ ውቤ በረሃ፣ ዶሮ ማነቂያ፤ እነዚህን የትኛው ቅጽ ላይ ትሞላቸዋለህ? ዙሪያው ተነስቶ አንድ ቤት ብቻውን ሲቀር ደግሞ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ይመስላል።

ባለ ሱቅ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሁለት ልብ ነኝ። መብራት ስላለ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እከፍታለሁ፣ ድሮ አሥራ ሁለት ላይ ነበር የምዘጋው። ግን በዱቤ ወስዶ ደሞዝ ሲደርስ የሚከፍለኝ ሰው የለም። የሚመጣው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። የዱቤ ደብተሬ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ናት። ግማሹ ባለ ዕዳ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም።

የዕድር ጸሐፊ የነበሩ፦ ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ አሁን ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሽንት ቤቱ የግሌ ነው፣ ተመስገን። ውኃ ሌሊት ስለሚመጣ ተነስቼ እቀዳለሁ፣ ጉልበቴ ግን ደረጃውን አልወደደውም። ቤቱስ ቤት ነው፣ ይሠራል። የተቸገርነው በዕድሩ ነው። ስንበተን ድንኳኑን ማን ይያዝ፣ ትልቁን ድስት ማን ይውሰድ ተባለ። አንዱ አንድ ጥግ፣ ሌላው ሌላ ጥግ ነው የደረሰው። ለቀስተኛ ድንኳኑን ፍለጋ ሁለት ታክሲ ይይዛል። ድሮ ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላዬን ሳላጣፋ እደርስ ነበር።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦ እትዬ፣ ይሄንን እኔም አልክድም። እናቴ አዲሱ ቤት ከገባች ወዲህ የጎረቤቷን ስም አታውቅም። ቤቱ ግን አያፈስም፣ እሱንም ልበል።

የዕድር ጸሐፊ የነበሩ፦ አያፈስም፣ እውነት ነው። አንተ የተማርከው ልጅ፣ ያልከው የጣራ ጠርዝ ጣውላ የኛም ግቢ ነበር፤ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤት ላይ። ሲያፈርሱ አንዱ ወጣት ለማገዶ ሊወስደው ሲል ሃምሳ ብር ሰጥቼ አስቀረሁት። አሁን የቡና ስኒ ደርድሬበታለሁ።

አርክቴክቱ፦ እትዬ! ርዝመቱ ምን ያህል ነው? ቅርጹስ ቅጠል ነው ወይስ ማዕዘን ማዕዘን? መጥቼ ልለካው እችላለሁ?

የዕድር ጸሐፊ የነበሩ፦ ቅጠል ቅጠል ነው። ቅዳሜ ና፣ ቡና አለ። ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ቀብር አለብኝ።